የገመዱ ጫፍ

«አምጣው እስቲ» አለ ኤርሲዶ፣ እጁን ዘርግቶ።

ያቤፅ ጫማውን አውልቆ የጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሟል። በጥርሱ ነክሶ የያዘውን ዕቃ አውጥቶ ሰጠው፦ ሁለት ቀንድ የመሰለ ነገር ያበቀለ ጥቁር ፕላስቲክ።

«ከውሃው ውስጥ አየሩን ለይቶ ይስብልሃል ነው የሚለው፣ ጋሼ። ዓሣ በምን ይተነፍሳል? እንደዛው ነው። ቪዲዮው ላይ ሰውዬው አርባ አምስት ደቂቃ ቆየ።»

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» አለ ኤርሲዶ።

የባለጉድጓዷ የውቢት የውሃ መሳቢያ ዳይናሞ ማንጠልጠያው ተበጥሶ ጉድጓድ ከገባ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቦሳ አዲስ ሰፈር ውስጥ እንዲህ ሲሆን ውሃው ተቀድቶ እስኪጎድል ይጠበቅና ኤርሲዶ ይወርዳል። ወንድሙ ወደ አገራቸው ወደ ሆሳዕና ከተመለሰ ወዲህ ገመዱን የምትይዝለት ልጁ ሩሃማ ናት፤ ጉድጓድ ቆፋሪ የነፍሱን ጫፍ ለባዳ አይሰጥም። ዛሬ ግን ያቤፅ ውሃው ሳይቀዳ እወርዳለሁ ብሎ መጣ። ለዳይናሞው አዝኖ አይደለም፣ ለሩሃማ ነው። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ ኤርሲዶ «እናስብበት» ብሎ መልሷቸዋል፤ ሲያስብም ከረመ። ያቤፅ አፍ ብቻ ነው ባይ ነው። እና ሙያውን ሊያሳየው መጣላችሁ፣ ሞኝ!

«ሠላሳ ዓመት ስቆፍር ሻማ ሳላወርድ ወርጄ አላውቅም» አለ ኤርሲዶ። «ሻማው ከጠፋ አየር የለም፣ አይወረድም፣ አለቀ! ለዚህ ለጉድህ ግን ሻማ አይሆንም። ሩሃማ፣ ሳፋውን ሙዪው!»

«አባ፣ ሰው ፊት…»

«ሬሳ ከማውጣት ሰው ፊት ይሻላል።»

ኤርሲዶ አንድ መዝሙር እስኪጨርስ ያቤፅ ፊቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ ሊቆይ ተስማሙ። ውቢት «ያ ረቢ! ጋሽ ኤርሲዶ፣ ልጁን በኔ ሳፋ ሊገድሉት ነው?» እያለች ተጠጋች። ጎረቤቱም አጥር ላይ ተንጠለጠለ።

ያቤፅ ዕቃውን ነክሶ፣ አፍንጫውን ይዞ ተደፋ። ኤርሲዶ ሆን ብሎ አዝማቹ የሚደጋገመውን መዝሙር መረጠ። ሁለተኛው አዝማች ላይ የልጁ ጆሮ ቀላ፣ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ኤርሲዶ መዝሙሩን አፈጠነው። ይሄ እልኸኛ ለሩሃማ ብሎ ሳፋ ውስጥ ሊሞት ነው እንዴ? ኮሌታውን ሊይዝ እጁን ሲሰነዝር ያቤፅ በራሱ ጊዜ እየሳለ ቀና አለ።

ጎረቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ኤርሲዶ ሰበቡን ጠበቀ። አሁን ባትሪው አልቆ ነው ይላል፤ ሳፋው ጠቦ ነው ይላል።

«አይሠራም» አለ ያቤፅ፣ ውሃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ። «መጀመሪያ አየር የሰጠኝ መስሎኝ ነበር። የራሴው ትንፋሽ ነው። ወርጄ ቢሆን ሞቼ ነበር፣ ጋሼ።»

 እጅጌውን ጠቅልሎ ባልዲውን አነሳና ከጉድጓዱ መቅዳት ጀመረ።

ኤርሲዶ ደስ አለው፤ ደስ ማለቱም አናደደው። ጉድጓድ ውስጥ ስንት ጀግና አይቷል። ሰውን የሚበላው «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ማለቱ ነው።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየተፈራረቁ ቀዱ። ውሃው ጉልበት ድረስ ሲጎድል ኤርሲዶ ሻማውን በጣሳ አድርጎ አወረደ፤ እታች ደርሶም በራ። ገመዱን ወገቡ ላይ አሰረ። ሩሃማ እንደልማዷ እጇን ዘረጋች።

አባቷ አልፏት ሄደ።

«ያዝ» አለው ያቤፅን። «ሁለቴ ስስብ ታወጣኛለህ።»

ውቢት አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሩሃማ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች፤ ጎረቤቱ ግን መሳቁን ትቷል።

ኤርሲዶ የግድግዳውን መርገጫ በእግሩ እየዳሰሰ ወረደ። ዳይናሞውን ጭቃው ውስጥ አገኘው። ከማንሳቱ በፊት ገመዱን አንዴ ብቻ ቀስ አድርጎ ሳበ፤ ለምንም አይደለም። ገመዱ ከላይ ወዲያው ጠበቅ አለለት።