ጥይት የማይነካቸው ሃምሳ አለቃ

ሃምሳ አለቃ አባይነህ ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገሉት በሐረር የጦር ሰፈር፣ ንብረት ክፍል ነው። ብርድ ልብስና ቦት ጫማ ሲያድሉ ኖረው አንዲት ጥይት ሳይተኩሱ ጡረታ ወጡ። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል እንዲሉ፣ እሳቸውም በባለቤታቸው በወይዘሮ ሙሉነሽ ጓዳ ላይ ዘመቱ። ድስቶቹን በቁመት አሰለፉ። የሽሮው ዕቃ ከበርበሬው ጎን ለምን እንደተቀመጠ ማብራሪያ ጠየቁ። ወይዘሮ ሙሉነሽ ትዕግሥተኛ ናቸው፤ ማብራሪያውን ሰጡ።

በ2007 ዓ.ም. መስከረም ላይ ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ ውስጥ አንድ ጌም ቤት ተከፈተ። ዐሥር ኮምፒውተር፣ መሐል ላይ አንድ ወፍራም መጋረጃ። ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሆን ከመጋረጃው ወዲህ አምስት፣ ወዲያ አምስት ሆነው ይቀመጡና ስክሪኑ ላይ ባለ የፈራረሰ ከተማ ውስጥ ይዋጋሉ። ጨዋታው እንደ እውነተኛ ጦርነት ነው፤ አንድ ጥይት ካገኘህ አለቀልህ። የሞተም ወንበሩን ለተረኛ ለቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የቤቱ ደንብ ነው።

ወዲህ ያለው የአዲሱ ከተማ ቡድን ነው፤ መሪው የጂኦግራፊ መምህሩ ኃይለመስቀል። ወዲያ ያለው የጀጎል ቡድን፤ መሪው መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ልብስ የሚሰፋው ዑመር። ሃምሳ አለቃ ወታደር ነበሩ ተብሎ በክብር ተጋብዘው አምስተኛውን ወንበር ያዙ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ በሦስተኛው ደቂቃ ሞቱ። የሚቀጥለውም እንዲሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ቤታቸው ገብተው ሽንኩርት እንዴት እኩል እኩል እንደሚከተፍ መመሪያ ሲሰጡ አመሹ።

ከሦስተኛው ቅዳሜ ጀምሮ ግን ነገር ተለወጠ። ጓደኞቻቸው እንደ ቅጠል ይረግፋሉ፣ የእሳቸውን ዝንብ ግን እሽ የሚል ጠፋ። መጀመሪያ እየተሳቡ ይሄዱ ነበር። ቆይተው ቆመው ሄዱ። በኋላ በኋላማ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሰፈር እንደሚጎበኝ ሹም በአስፋልቱ መሐል ይንሸራሸሩ ጀመር። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ አንዲት ጥይት ትመጣና ትጥላቸዋለች፤ እሱን ድካም ነው ይሉታል።

ደስታቸው ልክ አልነበረውም። ሰፈሩ ውስጥ ወጣቱ ሁሉ ከወንበር ይነሣላቸዋል፤ ዕድሜ ልካቸውን ያላገኙትን ወታደርነት በስተርጅና አገኙት። ወይዘሮ ሙሉነሽም በባላቸው ኮርተው መሆን አለበት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ኮታቸውን ተኩሰው፣ ቆሎ በኪሳቸው ከተው፣ እስከ በር ይሸኟቸዋል።

የጠረጠረው ኃይለመስቀል ነው። የጂኦግራፊ መምህር ስለሆነ ነገርን በካርታ ነው የሚያስበው። የአራት ቅዳሜ ሟቾች የወደቁበትን ቦታ በቀይ እስክሪብቶ ነጥብ ነጥብ አድርጎ ሲጨርስ፣ ሃምሳ አለቃ በቆሙበት ሁሉ ዙሪያው ንጹሕ ወረቀት ሆኖ ቀረ። ጠላት የማይተኩሰው በራሱ ሰው ላይ ብቻ ነው አለ። ወይዘሮ ሙሉነሽ ሁለት ጊዜ ዑመር ሱቅ ሲገቡ መታየታቸውንም ጨመረበት። ሃምሳ አለቃ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ካላስረዱ ስማቸው ተሰርዞ ወሬው በከተማው ይነገራል።

ሃምሳ አለቃ እንቅልፍ አጡ። ሱሪ ላሳጥርልህ ብለው ሙሉነሽ ወደ ዑመር መሄዳቸው ትዝ አላቸው። ሱሪው ተመልሷል፤ ለብሰው ቢያዩት ግን አንድ ጣት እንኳ አላጠረም። ደግሞስ ዓርብ ዓርብ የውጊያውን ዕቅድ የሚነድፉት የት ነው? ምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ ሙሉነሽ ዐይን ሥር። የሠላሳ ዓመት ትዳር ለጀጎል ተሸጠ ማለት ነው?

ወጥመድ አዘጋጁ። ዓርብ ዕለት «በድልድዩ በኩል እንገባለን» የሚል የሐሰት ዕቅድ ጽፈው ጠረጴዛው ላይ ረስተው እንደሄዱ ሆኑ። ሲመለሱ ወረቀቱ ላይ የጎመን ዝንጣፊ ተከምሮበታል።

ቅዳሜ ድልድዩ አጠገብ አንድም የጀጎል ሰው አልነበረም። ሙሉነሽ ንጹሕ ናቸው። ሃምሳ አለቃ በእፎይታ ዐይናቸው እንባ ሞላ። ወዲያው ግን ሌላው ነገር ባሰ፤ እንግዲያስ ሰላይ የሚባሉት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ለማረጋገጥ ስክሪኑ ላይ ካለው አደባባይ መሐል ወጡና መሣሪያቸውን መሬት ላይ ጣሉ። አምስቱም የጀጎል ተኳሾች ከየመስኮቱ አነጣጠሩባቸው። ማንም አልተኮሰም። አንዱ እንዲያውም ለሌላ ሰው የተኮሰው እንዳይነካቸው ብሎ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቀና። ኃይለመስቀል ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ ብሎ ስማቸውን ከዝርዝሩ ሊሰርዝ እስክሪብቶውን አወጣ።

ሃምሳ አለቃ ተነሥተው መጋረጃውን በአንድ እጃቸው ገለጡት።

«ዑመር፣ ስለ አላህ ብለህ እዚህ ሰው ፊት ተናገር። እኔ ያንተ ሰላይ ነኝ?»

ዑመር ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። ዐሥር ሰዓት ከሩብ ነው። ወላሂ አይደሉም አለ፤ ግን አማና፣ አደራ ስላለብን ምክንያቱን አይጠይቁኝ ብሎ አንገቱን ደፋ። ሃምሳ አለቃ ካልነገርከኝ ከዚህ አልንቀሳቀስም አሉ። ዑመርም አማራጭ ሲያጣ እውነቱን አወጣው።

«ወይዘሮ ሙሉነሽ ሱቄ ድረስ መጥተው ነው የለመኑን፤ ‹እባካችሁ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አትግደሉብኝ፣ ከሞተ ቤት ይመጣል› ብለው።»