ካፒቴኑን እምቢ ያለችው አዋላጅ

«የምነግርሽን ድገሚልኝ» አሉ በሬዲዮው የሄሊኮፕተሩ አብራሪ፣ ካፒቴን መኳንንት። «ሰውም ከብትም ከሜዳው ይራቅ። የማርፍበት ቦታ ላይ ነጭ መስቀል ይዘርጋልኝ። ድገሚ።»

«እሺ፣ ጌታዬ» አለች ፍሬሕይወት።

አልደገመችም። የሰውየው ድምፅ የአባቷ እኩያ ድምፅ ነው። ትልቅ ሰው የተናገረውን ቃል በቃል መልሶ መናገር ደግሞ እነፍሬሕይወት ቤት ማሾፍ ነው፤ በልጅነቷ አንዴ ሞክራው የቀመሰችውን ቁንጥጫ እስከ ዛሬ አልረሳችውም። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» እየተባለች ያደገች ልጅ፣ አዋላጅ ነርስ ሆና ከጤና ጣቢያው ሬዲዮ ስለተሰጣት ብቻ ምላሷ አይለወጥም።

ደግሞስ ምን የክርክር ጊዜ አለ! እህቷ በዛወርቅ ጎህ ሲቀድ ወንድ ልጅ ተገላግላ፣ ደሟ አልቆም ብሎ ከሜዳው ዳር፣ ከድንጋይ ካቡ ጥግ ቃሬዛ ላይ ተኝታለች። ፍሬሕይወት መርፌውንም ማሸቱንም፣ የምታውቀውን ሁሉ ሞክራ ጨርሳለች። የቀረው ደም የሚሰጥበት ሆስፒታል ነው፤ ወደዚያ የሚያሻግረውን ድልድይ ግን የክረምቱ ጎርፍ ወስዶታል።

መስቀሉን ያበጁት አባቷ መምሬ አትናቴዎስ ናቸው። ጋቢያቸውን አውልቀው ከበዛወርቅ ባል፣ ከሸዋንዳኝ ጋቢ ጋር አመሳቅለው ሜዳው መሃል ዘረጉና ዳር ዳሩን ድንጋይ ጫኑበት። በታኅሣሥ፣ በመንዝ ብርድ፣ ጋቢ አውልቆ መቆም ቀላል ነገር አይደለም። እሳቸው ግን «ልጄ ትትረፍልኝ እንጂ ብርድ ምን አባቱ!» ብለው ከመንደሩ ሰው ጋር ከካቡ ኋላ ቆሙ።

ሄሊኮፕተሩ ከተራራው ጀርባ ብቅ ሲል መንደሩ በሙሉ አማተበ።

«ነጩን መስቀል አየሁት» አሉ ካፒቴኑ። «ባዶ ቦታ፣ አጠገቡ የእህል ክምር። ልወርድ ነው።»

«እሺ፣ ጌታዬ።»

የክምሩ ነገር የከነከናት ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። እዚህ ሜዳ ላይ ምን ክምር አለ? ቀና ስትል ሄሊኮፕተሩ ጀርባውን ሰጥቷቸው ወደ ገደሉ አፋፍ፣ ወደ ገበሬው ጫኔ አውድማ እየወረደ ነው።

ጫኔ ትናንት አውድማውን ጠርጎ፣ በእበት ለቅልቆ፣ ገብሱን ሳይወቃ በፊት እንደ አባቶቹ ወግ በአመድ ትልቅ መስቀል አስምሮበታል። ከላይ ለሚያይ ሰው ከሁለት ጋቢ ይልቅ እሱ ደምቆ ይታያል። ከላይ የማይታየው ከወፍጮ ቤቱ ተነስቶ በአውድማው ላይ የሚያልፈው ቀጭን የመብራት ሽቦ ነው።

«አይውረዱ!» ብላ ጮኸች።

«አሁን እሺ ብለሽኝ የለም እንዴ?» አሉ ካፒቴኑ፣ ቆጣ ብለው። «ቦታው ንጹሕ ነው፤ እያየሁት ነው። እወርዳለሁ።»

መምሬ አትናቴዎስ ክንዷን ያዙ። «ኧረ በሥላሴ፣ ልጄ! ስንት አገር አቋርጠው የመጡ እንግዳ ናቸው፤ ትልቅ ሰው ናቸው። አየሁ ካሉ አይተዋል። እሺ በያቸው! ተቀይመው ቢመለሱ በዛወርቅን ምን ልናደርጋት ነው?»

ፍሬሕይወት ወደ ቃሬዛው አየች። የእህቷ ከንፈር ደም የሚባል አልቀረበትም። አባቷ እውነታቸውን ነው፤ ሰውየው ተቀይመው ቢሄዱ ሌላ የሚመጣ የለም። እሺ ብትላቸው ግን እሳቸውም አይተርፉ፣ በዛወርቅም አትተርፍ። ንዴት መጣና ድምፅዋን ገፍቶ አወጣላት።

«እምቢ!» አለች። «እምቢ አልኩዎት፣ ካፒቴን! ያዩት መስቀል የእኛ አይደለም፤ የአውድማ ነው። በላዩ የመብራት ሽቦ ያልፋል። ይነሱ! አሁኑኑ ወደ ላይ ይነሱ!»

ሄሊኮፕተሩ አውድማው አናት ላይ እንደተንጠለጠለ ቆየ፤ ነፋሱ የጫኔን አመድ አስነስቶ ወደ ገደሉ በተነው። ከዚያ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ሽቅብ ወጣ።

«ሽቦውን አየሁት» አሉ ካፒቴኑ። ቁጣው ከድምፃቸው ጠፍቷል። «እግዚአብሔር ይስጥሽ። የት ልምጣ?»

«ወደ ኋላ ይዙሩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ወዲህ፣ ሁለት ጋቢ የተመሳቀለበት ሜዳ። ክምር የለበትም፣ ሽቦ የለበትም። የነገርኩዎትን ይድገሙልኝ!»

መምሬ አትናቴዎስ በድንጋጤ አፋቸውን ያዙ።

ካፒቴኑ ግን እንደ ቆሎ ተማሪ አንድም ሳያስቀሩ ደገሙ። «ከቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ወዲህ። ሁለት ጋቢ የተመሳቀለበት። ክምር የለበትም፣ ሽቦ የለበትም።»

«ልክ ነው። ይውረዱ።»

ወረዱ። በዛወርቅን አስገቧት፤ ሸዋንዳኝም ሕፃኑን አቅፎ ተከተላት። ከካፒቴኑ ጋር የመጣችው ሐኪም በሩ ሳይዘጋ ይዛው የመጣችውን ደም ሰቅላ ስትጀምርላት፣ በዛወርቅ ዓይኗን ገልጣ «ፍሬ፣ ልጄን አደራ» አለች። «ራስሽ ታሳድጊዋለሽ!» አለች ፍሬሕይወት፤ ስትናገረውም አመነችው።

«መነሳት ይቻላል?» አሉ ካፒቴኑ በሬዲዮ።

«ይቻላል።»

ድምፁ ከተራራው ማዶ እስኪጠፋ ድረስ ሰማዩን ስታይ ቆየች። እንባዋም ሳቋም አንድ ላይ መጣባት። ዘወር ስትል ከካቡ ኋላ አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። መምሬ አትናቴዎስ ከሁሉም ፊት፣ በቀሚስ ብቻ፣ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ቆመዋል። አንድ እግራቸውን ካቡ ላይ አድርገው፣ በሕይወታቸው ልጃቸውን ፈቃድ ጠይቀው የማያውቁት አባት «ፍሬዬ» አሉ፣ «አሁንስ መግባት ይቻላል?»

ፍሬሕይወት ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር ቃኘች።

«ይግቡ፣ አባዬ» አለች፤ እልልታው ያን ጊዜ ሜዳውን ሞላው።