የዳገቱ ዘጠኝ ካርዶች

አሥር አለቃ ዋጋሪ ሁለት መቶ ዐሥራ አራቱን ካርዶች በላንድሮቨሩ የፊት ወንበር ላይ ደርድሮ ቀጥ ያለ የብስክሌት ሽቦ በአንደኛው ቀዳዳ ያሾልካል።

“እዩ” ይለናል።

እናያለን። እኔ ካቴና የገባልኝ የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ። ወለቴ ከዐሥራ ዘጠኝ ቀን በፊት ባሏን ሞረዳን ገጭቼ የገደልኩባት ሴት ናት። ገቢሳ የፖሊሱን መኪና ይነዳል። ከነቀምት ወደ ጊምቢ በሚወስደው ጠጠር መንገድ፣ ሞረዳ ከሞተበት ዳገት ግርጌ ቆመናል። ጥር ነው፤ ሰማዩ ላይ አንድ ደመና የለም።

ዋጋሪ የመዝገብ ክፍል ሠራተኛ ነው። መኪና መንዳት አያውቅም። ካርዶቹን ከካርቶን የቆረጣቸው ራሱ ነው፤ ከስልሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ወዲህ ለደረሰ ለእያንዳንዱ አደጋ አንድ ካርድ። ጠርዛቸው በቀዳዳ ተሞልቷል። አንዱ ቀዳዳ ሰዓቱን፣ አንዱ ወሩን፣ አንዱ መኪናው የሚሄድበትን አቅጣጫ ይናገራል። አደጋው በዚያ ሰዓት ወይም በዚያ ወር ከደረሰ፣ ቀዳዳውን እስከ ጠርዙ ቆርጦ ከፍቶታል።

“ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት እስከ ዐሥራ ሁለት” ይልና ሽቦውን ያነሳል።

ካርዶቹ ተንጠልጥለው ይነሳሉ። ከመሀላቸው ጥቂቶቹ ግን ማንም ሳይነካቸው ወንበሩ ላይ ይወድቃሉ። ሠላሳ አንድ ናቸው። እነሱን ብቻ ሰብስቦ ሽቦውን በሌላ ቀዳዳ ያስገባል። “ወደ ምዕራብ የሚሄድ።” ዐሥራ ስድስት ይወድቃሉ። “ከኅዳር እስከ ጥር።” ዘጠኝ።

ዘጠኙን አንድ በአንድ እያነሳ ያነባል። ቦታው ይህ ዳገት ነው። የሚቀጥለውም ይህ ዳገት ነው። ዘጠኙም። ምክንያት በሚለው ሥር “ሾፌሩ ጠጥቶ”፣ “እንቅልፍ ጥሎት”፣ “በግዴለሽነት” ተብሎ ተጽፏል። ዘጠነኛው የእኔ ነው። ምንም አላየሁም ብዬ ቃሌን ስሰጥ የጣቢያው ሻምበል አላመነኝም፤ ሰኞ ፍርድ ቤት ልቀርብ ነው። አሁን አሁን እኔም ራሴን ማመን ትቼ ነበር።

“ሌሎቹም ሰው ገድለዋል?” ትላለች ወለቴ በኦሮምኛ።

“ከሞረዳ ጋር አምስት ሰው ሞቷል፣ አዴ ወለቴ።”

“ይህ ወረቀት የት ነበር?”

“እኔ ዘንድ” ይላል ዋጋሪ አንገቱን ደፍቶ። “የእያንዳንዱ አደጋ መዝገብ ለየብቻ ታስሮ፣ መደርደሪያ ላይ።”

ለዚህች ጉዞ ዐሥር ሊትር ቤንዚን ለማስፈረም ሁለት ሳምንት ደጅ ጠንቷል። ሞረዳ በወደቀበት ቦታ መንገዱ ዳር ቀይ ጀሪካን አስቀምጧል፤ ከታች ሆነን ወለል ብሎ ይታየናል። ወለቴን ከፊት ያስቀምጣትና እኔና እሱ ከኋላ እንገባለን።

“ቀስ ብለህ ውጣ፤ ጀሪካኑን እንዳትነካ” ይለዋል ገቢሳን።

“ልጅ መሰልኩህ?”

እንወጣለን። ዋጋሪ መንገዱን አያይም፤ ዓይኑ የእጅ ሰዓቱ ላይ ነው።

“አሁን” ይላል።

በሁለቱ የባሕር ዛፍ ረድፎች መካከል፣ ልክ መንገዱ ጫፍ ላይ፣ ፀሐይ ቁጭ ብላለች። መስተዋቱ ላይ ያለው አቧራ ባንድ ጊዜ ይነጣል። መንገድ የለም። ዛፍ የለም። ከፊቴ የተቀመጠችው ወለቴ የለችም። ገቢሳ ፍሬን ሲረግጥ ከጎማው ሥር አንድ ነገር ይደረመሳል።

ድምፁ የጀሪካን ነው። ሰውነቴ ግን ሌላ ድምፅ ይሰማል።

ገቢሳ መሪውን እንደጨበጠ “እዚያ መሆኑን እያወቅሁ” ይላል።

ዋጋሪን አየዋለሁ። ጣቱ ቀለም የነካው፣ አንድ መስኮት ባለው ክፍል ውስጥ ሲጽፍ የኖረ ሰው ነው። ፀሐይ በየትኛው ወር፣ በየትኛው ደቂቃ፣ የትኛው ድንጋይ ላይ እንደምትቆም ከካርቶን አንብቧል።

“እንዴት አወቅህ?” እለዋለሁ። ድምፄ እንደ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዝቅ ብሏል።

“ዘጠኙ ተራ በተራ ነገሩኝ። አንዱን ብቻ ብሰማ ያው የሾፌሩ ጥፋት ነው እል ነበር።”

ወለቴ ወደ ኋላ ትዞራለች። ፊቴን ስታይ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

“ጀሪካኑ የት እንዳለ ልቤ ውስጥ ይዤው ነበር” ትለኛለች በአማርኛ። “አላየሁትም።”

ይቅር አላለችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም።

ከታች የሞተር ድምፅ ይሰማል። ቡና የጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና እያጓራ ዳገቱን ሊጀምር ነው። ዋጋሪ ከኋላው በር ጋር ሲታገል ወለቴ ወርዳለች። ቁልቁል ትሮጣለች። ብርሃኑ ውስጥ ብትቆም ማንም እንደማያያት ገብቷታል፤ የዛፎቹ ጥላ መንገዱን እስከሸፈነበት ድረስ ትሮጥና ጥቁር ነጠላዋን በአንድ እጇ ወደ ላይ ትዘረጋለች።

ኤንትሬው ይቆማል። ከኋላው አንድ አውቶቡስ ደርሶ ይቆማል።

“ምን ተፈጠረ?” ይላል የኤንትሬው ሾፌር አንገቱን አውጥቶ።

“ምንም” ይለዋል ዋጋሪ እያለከለከ። “ፀሐይ እስክታልፍ ነው።”

ሾፌሩ ሽቅብ ያይና ሞተሩን ያጠፋል። አውቶቡሱም ያጠፋል። ሰዎች ይወርዳሉ፤ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው፣ ዝም ብለው፣ ወደ ዳገቱ ጫፍ ያያሉ። ፀሐይ ዝቅ ትላለች፤ ከዚያ ከዳገቱ ጀርባ ትገባለች። መጀመሪያ ዛፎቹ ይመለሳሉ፤ ቀጥሎ መንገዱ፣ ከዚያም በላዩ ያሉት ጠጠሮች አንድ በአንድ፣ እስከ ጫፉ።

ወለቴ እጇን ገና አላወረደችም።