የጎደለው ዴስክ

የአናጺው ልጅ ሞታለች። ሰባት ዓመቷ ነበር።

በትምህርት ቤቱ ልጆች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር የሚማሩት፤ የእሱም ልጅ እንደዚያው። በኋላ ባሕር ማዶ ያሉ ለጋሾች ለዴስክ የሚሆን ጣውላና ሰማያዊ ቀለም ላኩ፤ ሥራውን እሱ ያዘ። ልጁ ጤና ሳለች ያለቀው ላይ ሁሉ እየወጣች፣ «ይኼኛው ይነቃነቃል፣ አባዬ» ትለው ነበር። የመጨረሻዎቹን ዴስኮች የመታቸው እሷ አጠገቡ ተኝታ እያቃሰተች ነው። ስንት እንደጨረሰ አያስታውስም።

የተቀበረች ዕለት ሰው ሁሉ ቀብር ላይ ስለነበር፣ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ራሳቸው ጋሪ ይዘው መጥተው ዴስኮቹን ጭነው ወሰዱ።

በሳምንቱ ጠዋት ቤቱ መጡ።

«ወንድምዓለም፣ በሐዘንህ ላይ ይህን ማንሳት ያሳፍራል። ዴስኩ አንድ ጎደለ።»

አናጺው አንገቱን ደፋ።

«እኔ ምንም አላልኩም፤ ሰው ግን ያወራል። የሬሳ ሣጥኑ የተሠራው እዚሁ ግቢ ነው አይደል?»

ሣጥኑን የመቱት ጎረቤቶች ናቸው። እሱ ከመዶሻው ድምፅ በቀር ከዚያ ቀን የሚያስታውሰው የለም።

«ነገ ለጋሾቹ ይመጣሉ። አንዱ መንገድ ላይ ተሰበረ እላቸዋለሁ፤ የኋላዎቹ ልጆች እንደ ድሮው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ፣ ምን ይደረግ። አንተ ለማንም እንዳታነሣው። ሆድ ይፍጀው።» በሩ ላይ ደርሰው ዞር አሉ። «የኔዋም ልጅ ጓደኛዬ እያለች ታለቅሳለች።»

አናጺው ጎረቤቱ ግንበኛው ዘንድ ሄደ።

«ሣጥኑን ከየትኛው ጣውላ ነው የሠራችሁት?»

«አንተ ሰው፣ በዚያን ሰዓት ጣውላ የሚመርጥ አለ? እኔ እንደሆንኩ የሚስማርን ራስ ከጫፉ አልለይም። ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ነው ያነሣነው።»

ግድግዳው ላይ የለጋሾቹም የእሱም ጣውላ ተደግፎ ነበር።

መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ልጁን በሌሎች ልጆች መቀመጫ ቀብሯታል። እንደዚያ ከሆነ አፈሩም አይቀልላትም።

ገንዘብ የለውም፤ ጣውላም አልተረፈውም። ቤት ገብቶ አልጋውን መፍታት ጀመረ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ አየችው።

«የት ልንተኛ ነው?»

«መሬት።»

«ይሁን፤ መሬት የተኛ አይወድቅም» አለችና ጉጠቱን አቀበለችው።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ዴስኩ አለቀ። የሚሞክርለት ስለሌለ ራሱ ጉልበቱን አጥፎ ተቀመጠበት፤ አልተነቃነቀም። ከቆርቆሮው ሥር የቀረውን ሰማያዊ ቀለም ጠራርጎ ቀባው፣ ተሸክሞም ትምህርት ቤቱ በር ደረሰ።

«ክፍሉ ተቆልፏል» አለው ዘበኛው። «ቁልፉ ዳይሬክተሩ ጋ ነው። ለምን ቤታቸው አታደርሰውም? ነገ ይዘውት ይመጣሉ።»

ዳይሬክተሩ ቤት አልነበሩም። በሩን የከፈተችው ትንሿ ልጃቸው ናት።

ልጅቷ ዴስኩን ስታይ እየዘለለች አጨበጨበች፤ «እሰይ! አሁን ሁለት ሰማያዊ ዴስክ ኖረኝ!» አናጺው ከትከሻው አውርዶ በረንዳው ላይ አስቀመጠላትና፣ «ቀለሙ አልደረቀም፣ እናቴ፤ እንዳትነኪው» ብሏት ሄደ።