ዓሣዋ እንዴት አደረች?

ስልኩ ሲጮኽ አቶ ያዕቁብ ከመስታወት ገንዳው ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው ጁወይሪያ አግብታ ወደ ሐዋሳ ስትሄድ የተወችላቸው ወርቃማ ዓሣ ትናንት ታማ ነበር። ጠፍቶ የሰነበተው የቧንቧ ውሃ ወደ ደብረ ብርሃን ሰፈራቸው ሲመጣ ደስ ብሏቸው ገንዳውን ከቧንቧው በቀጥታ ሞሉት። ዓሣዋ ወዲያው ክንፎቿን አጣብቃ ወደ ላይ ወጣች፤ አየር እንዳጠረው ሰው አፏን ትከፍት ትዘጋ ጀመር። ደንግጠው ለልጃቸው ደወሉ። ድምፅዋን ከሰሙ ሰንብተው ነበር። “ክሎሪኑ ነው የጎዳት፣ አባ፤ ከጎረቤት ያደረ ውሃ ለምንና ግማሹን ቀይርላት” አለቻቸው። እንዳለችው አደረጉ።

አሁን የደወለችው እሷ ነበረች። “ዓሣዋ እንዴት አደረች?” አለች ሰላምታውን አሳጥራ።

ዓሣዋ ጭራዋን እያወዛወዘች ከጥግ ጥግ ትዋኝ ነበር፤ የጣሉላትንም ምግብ ጨርሳለች። አቶ ያዕቁብ “አልሐምዱሊላህ” ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ግን ድናለች ካሉ ልጃቸው ስልኩን ዘግታ ወደ ሥራዋ እንደምትሄድ፣ ዳግመኛ የምትደውለውም ምናልባት ለዒድ እንደሆነ ታሰባቸው።

“እንጃ ልጄ” አሉ ጀርባቸውን ለገንዳው ሰጥተው። “ያው እንደ ትናንቱ ናት።”

“አይዞህ አባ። ነገም ደውዬ እጠይቃለሁ።”

“ስንት ሰዓት ላይ?” አሉ ተሽቀዳድመው።

ጁወይሪያ ድምፅዋን አለሰለሰች።

“ዛሬ ማታም እደውላለሁ፣ አባ” አለች። ስለ ዓሣዋ ግን አላነሳችም።