ታውኖ የጫረው መስመር

«አልጋዬ ስር አላየሽም» አለች ኬርቱ። «የእንፋሎት መታጠቢያው፣ ሳውናውም አለልሽ። ምድጃው ውስጥ ኬክ ቀብሬ እንደሆነ ማን ያውቃል?»

ልጇ ሄሊ ፍለጋዋን ቀጠለች። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ በሱፍ ካልሲዋ በርጩማ ላይ ቆማ፣ የወጥ ቤቱን ቁም ሳጥን የላይኛውን መደርደሪያ በእጇ ትዳስሳለች። እጇ ግን ብስኩትም ቸኮላትም ይዞ አልተመለሰም። አጃ አወጣች፤ ምስር አወጣች፤ ያልተቆላ ለውዝ አወጣች፤ ከዚያ ጥቁር ዳቦ። ሁሉም ጠረጴዛው ላይ ሲደረደር ኬርቱ እንደ ተከሳሽ ቆማ ታይ ነበር።

ትናንት ሐኪሙ መጀመሪያ ሚዛኑን፣ ቀጥሎ እሷን አየና በትህትና ፈገግ አለ። ክብደቷ ካልቀነሰ የታመመ ጉልበቷን በቀዶ ጥገና እንደማይቀይርላት በመከር ነግሯት ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅቤ ትታለች። ቋሊማ ትታለች። ጎረቤት ሄዳ ከቡናው ጋር የሚቀርበውን ጣፋጭ ዳቦ እንኳ ሰው እየታዘባት ትታለች። ሚዛኑ ግን ወደ ላይ ወጣ። «ሰው አንዳንዴ የበላውን ይረሳል» አላት ሐኪሙ። ዕድሜዋን ሙሉ ሒሳብ ላስተማረች ሴት! መንገዱን ሁሉ መልሱን ስታስብለት መጣች፤ ቤቷ ስትገባም ገና አልጨረሰችም ነበር።

«እማዬ፣ ትዋሻለሽ አላልኩም» አለች ሄሊ።

«አፍሽ ባይልም እጅሽ እያለ ነው።»

«እሺ፣ ተሳስቻለሁ። ምንም የለም።» ሄሊ ከበርጩማው ወረደች። «ግን ክብደት ከሰማይ አይወርድም። ጤናማ ምግብም ቢሆን ሲበዛ ያው ነው። ምን እንደምትበዪ አየሁ፤ አሁን ምን ያህል እንደምትበዪ ልይ።» ይህን ብላ ከቦርሳዋ ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን አወጣች።

«ደግሞ ልትመዝኚኝ?»

«አንቺን አይደለም፤ አጃውን።»

«ወርቅ ነው እንዴ? ላም እንኳ ድርቆሽ አይመዘንባትም!»

ሄሊ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «ይመዘንባታል። የአጎቴ ላሞች አሁን በኮምፒዩተር ነው የሚበሉት።»

«እንግዲያው እዚያ ወስደሽ እሰሪኝ።»

በመስኮቱ በኩል ጀልባዋ ትታያለች፤ ሐይቁ ዳር ተገልብጣ፣ በረዶ ተከምሮባታል። ባሏ ታውኖ ከሞተ ጀምሮ ውሃ አልነካችም። ጎረቤትየው ልግዛት ብሎ ጠይቋል፤ ኬርቱ ዘንድሮ እኔው ራሴ እቀዝፋታለሁ ብላ መልሳዋለች። በዚህ ጉልበት ግን እንኳን ጀልባ ልትገባ፣ እስከ ሐይቁ ያለውን ቁልቁለት መውረድ አትችልም።

«ቁጭ በዪና እዪ» አለች። «የምደብቀው የለኝም።»

ድስቱን ከመንጠቆው አወረደች። ታውኖ በምስማር ጫፍ በውስጡ በኩል መስመር የጫረበት አሮጌ ድስት ነው። ውሃው ልክ መስመሩ ላይ ሲደርስ ቧንቧውን ዘጋች፤ ማየትም ብዙ አላስፈለጋት፣ እጇ ያውቀዋል። ሲፈላ አጃውን በማንኪያ ሳይሆን በእፍኟ ጨመረች። ጨው ነሰነሰች፤ እስኪወፍር አማሰለች። ከዚያ ጎድጓዳውን ሳህን እስከ አፉ ሞላችና ከጫካ ተለቅሞ የከረመ ቀይ ፍሬ አናቱ ላይ በተነችበት።

ሳህኑን ወደ ልጇ ገፋ አደረገችው። «አጃ፣ ውሃ፣ ጨው። የቱ ነው ወንጀሉ? እስቲ ንገሪኝ!»

ሄሊ ግን ሳህኑን ትታ ድስቱን ታይ ነበር። «ያኛውስ?»

«የቱ?»

«የተረፈው። ሌላ ሳህን ይሞላል እኮ።»

«አልተረፈም። እሱንም እበላዋለሁ። ታዲያ ገንፎ ልድፋ? እኔ ምግብ ከሚደፋ ሰው አልተወለድኩም!»

«ሁልጊዜ ይህን ያህል ነው የምትሠሪው?»

«ሁልጊዜ!» ኬርቱ ጠረጴዛውን በመዳፏ መታች፤ ማንኪያው ዘለለ። «አንዲት ጭልፋ አልጨመርኩም። እስከ መስመሩ ነው። ከተጋባን ጀምሮ እስከ መስመሩ ነው። ሂጂና ለሐኪምሽ ንገሪው! ስገምት ውሃ እያበዛሁ ሳስቸግር፣ አባትሽ ራሱ ነው ለሁለታችን እንዲበቃ ብሎ...»

ቃሉ አፏ ላይ ቀረ።

ሄሊ ቀና ብላ አላየቻትም። ሚዛኑን አንስታ ቀስ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችው። ውጪ ከጣሪያው ላይ በረዶ ተንሸራቶ ወደቀ።

«ቁርስ በልተሻል?» አለች ኬርቱ። ድምፅዋ አሁንም የተቆጣ ነበር፤ ማንን እንደሚቆጣ ግን አይታወቅም።

«አልበላሁም።»

«ታዲያ ምን ያስቀምጥሻል? ሳህን አምጪ።»

ሄሊ ሳህን አመጣች። ኬርቱ ድስቱ ውስጥ የነበረውን ጠራርጋ ሰጠቻት። ልጅቷ በመስኮቱ በኩል ባለው ወንበር፣ በአባቷ ቦታ ተቀምጣ በላች። ኬርቱም የራሷን ሳህን ወደ ራሷ ሳበች።

ከበሉ በኋላ ኬርቱ ድስቱን ለማንም አልሰጠችም፤ ራሷ አጠበችው። አጥባም አልሰቀለችውም። ጀርባዋን ለልጇ እንደሰጠች ቧንቧውን እንደገና ከፈተች። ውሃው ድስቱ ውስጥ ከፍ እያለ መጣ፤ እስከ መስመሩ ያለውን ሲያጋምስ እጇ ቧንቧውን ዘጋው።

ጎንበስ ብላ አየች። ውሃው ረጋ። መስመሩ ከላይ ደረቅ ሆኖ ቀረ።