ሳል የሚሰማው ሣጥን

ያለ ሣጥኑ ፈቃድ ሐኪም ቤት በሩን አይከፍትም። ግድግዳችን ላይ ሆኖ ሳል ይሰማና ይፈርዳል። የልጄን የትርንጎን ሳል እየሰማ ሦስት ቀን ሙሉ «ጉንፋን ነው፤ ትኩስ ነገር ስጫት» ሲለኝ ሰነበተ። ዛሬ ጠዋት ግን ስትተነፍስ ደረቷ ወደ ውስጥ መሰርጎድ ጀመረ። ይህ የአደጋ ምልክት መሆኑን ከጎልማሶች ትምህርት መጽሐፌ ራሴ አንብቤአለሁ። ለሣጥኑ ነገርኩት።

«ሳሏ ቆሟል፤ ድናለች። እንኳን ደስ አለሽ።»

«ለማሳል አቅም አጥታ እኮ ነው፣ ጌታዬ።»

እሷን መስዬ እህ እህ አልኩ። ድምፄን ለየው።

«አንቺ ጤነኛ ነሽ።»

ትርንጎን አቅፌ አስጠጋኋት።

«የኔ እናት፣ አንዴ ብቻ እህ በይልኝ።»

አፏን ከፈተች፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ።

«ደህና ዋሉ» ብሎ ሣጥኑ መብራቱን አጠፋ።